የየኔታ አለንጋና የላቦራቶሪ አይጥ

ክሩን፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ያለውን ውይይት፣ የከፈቱት ሰው ሃምሳን የተሻገሩ ናቸው። እንደጻፉት ከሆነ ፊደል የቆጠሩት ገጠር፣ ደብሩ ጥግ፣ ዋርካ ሥር፣ የኔታ ዘንድ ነው። ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አንብበው ልባቸው ሞቀ። አይጥ አንድ ነገር እንደተማረች አድሬናሊን ብትወጋ በማግስቱ የበለጠ ታስታውሳለች ይላል ጽሑፉ። አድሬናሊን ደግሞ ስንደነግጥ ሰውነታችን ራሱ የሚረጨው ሆርሞን ነው። ከዚህ ተነሥተው ደመደሙ፦ የየኔታ አለንጋ ልክ ነበር፤ ሳይንሱ ገና አሁን ደረሰበት፤ የዛሬ ልጅ የሚረሳው ስለማይገረፍ ነው። መሳሳታቸውን የሚያስረዳቸው ካለ እንዲያስረዳቸው ጠይቀው ዘጉ።

አስረጂ አልጠፋም። በአራት ቀን 33 መልስ ወጣ። እኔ አንድም ቃል አልጻፍኩም፤ ቡና እየጠጣሁ ሳነብ ነው የከረምኩት። ክሩ አሁን ወደ ታች ስለወረደና ብዙዎቻችሁ ስላላያችሁት በየቁጥሩ ላውራላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1 ወዲያው ደገፋቸው። እሱም ተገርፎ ነው ያደገው፤ መልእክተ ዮሐንስን ዛሬም ድረስ መጽሐፍ ሳይገልጥ ይወጣዋል። ልጁ ግን ትናንት ያጠናውን ዛሬ አያውቀውም። ማስረጃው ይኸው ነው። እንዲህ ዓይነት መልስ የሌለበት ክር አላየሁም፤ አልፌው ሄድኩ።

ክሩን ክር ያደረገችው መልስ 2 ናት። ፋርማኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው፤ መመረቂያዋ ራሱ በነጭ አይጦች ላይ ነው። ከፋቹን ጋሼ እያለች፣ በትሕትና ጀመረች። ሙከራው እውነት ነው፤ ፖል ጎልድ እና ሮደሪክ ቫን በስከርክ በ1975 ያወጡት ነው። ግን አሠራሩን ማየት ያስፈልጋል። ሳጥኑ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ብርሃን፣ ሌላው ጨለማ። አይጥ ጨለማ ትወዳለች። ብርሃኑ በኩል ሲያስቀምጧት ትንሽ አሽትታ፣ ዞር ዞር ብላ ወደ ጨለማው ትገባለች። እዚያ ወለሉ እግሯን በቀላል ኤሌክትሪክ ይነዝራታል። ያወጧታል። መርፌው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በማግስቱ እዚያው ብርሃኑ ጋ ትቀመጥና ሰዓት ይያዛል። ወደ ጨለማው ለመግባት ብዙ ካመነታች አስታውሳለች ማለት ነው።

ከዚያ ጋሼ ያላነበቡትን ሁለት ነገር ጨመረችላቸው። አንደኛ፣ መጠኑ ወሳኝ ነው። መካከለኛ መጠን ትውስታውን አጠነከረ፤ በጣም ሲበዛ ግን ጥቅሙ ጠፋ። ሁለተኛ፣ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። መርፌው ወዲያው ከሆነ ይሠራል፤ ሁለት ሰዓት ከቆየ አይሠራም። እሷ እንደ ምርጊት ነው የምታየው። ጭቃው ሳይደርቅ እጅህን ብታሳርፍበት አሻራው ይቀራል፤ ከደረቀ በኋላ ብትደበድበውም ግድግዳው አይሰማህም። ሆርሞኑ አዲስ ነገር አያስተምርም። አሁን የሆነው ነገር ከባድ ነውና ያዘው ብሎ ለአንጎል ምልክት ይሰጣል እንጂ።

ምርጊቷን ወደድኩላት። እኔ እንዲያ አልገልጸውም ነበር።

መልስ 3 ጥሩ ጥያቄ ይዞ መጣ። አድሬናሊን ከደም ወደ አንጎል እንደልቡ አይገባም፤ በመካከል አጥር አለ። ታዲያ ክንድ ሥር ወይም ጀርባ ላይ የተወጋ ነገር እንዴት ብሎ ትውስታን ይነካል? መልስ 2 ይህን ስላልነገረችን ነገሩ ሙሉ እንዳልሆነ፣ በጨዋ ቋንቋ፣ አስታወሳት።

መልስ 4 የመለሰለት ሌላ ሰው ነው፤ ነርስ ነው። መንገዱ ቬገስ በሚባለው ነርቭ በኩል እንደሆነ ጻፈ። ከደረትና ከሆድ ተነሥቶ የአንጎል ግንድ ድረስ የሚወጣው ረጅም ነርቭ ነው። እዚያ ሲደርስ ሎከስ ሴሩሊየስ የምትባል፣ ትርጉሟ ሰማያዊ ሥፍራ የሆነ፣ ጥቂት ሕዋሳት ያሉባት ቦታ ትነቃለች። እሷ ናት አንጎል ውስጥ የአድሬናሊንን የቅርብ ዘመድ፣ ኖርአድሬናሊንን፣ የምትረጨው። አሚግዳላ የሚባለው፣ ፍርሃትና ስሜትን የሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል ላይ ሲያርፍ ነገሩ ይታተማል። የካሊፎርኒያው፣ የአርቫይኑ ጄምስ ማክጎ ብዙ ዓሥርት ዓመታት የለፋው በዚህ ላይ ነው። አሚግዳላ ውስጥ ፕሮፕራኖሎል ሲያስገቡ፣ ያ ለደም ግፊትና ለልብ ምት የምናውቀው መድኃኒት፣ የአድሬናሊኑ ውጤት ጠፋ። ሌላም መንገድ አለ፤ አድሬናሊን ጉበትን ስኳር እንዲለቅ ያደርገዋል፣ ስኳሩ ደግሞ አንጎል ይገባል። ነርሱ መጨረሻ ላይ ይቅርታ ጠየቀ፣ ስላበዛው። ማንም አልተቀየመውም።

መልስ 5 ቀልደኛ ነው። እንዲህ ከሆነ የየኔታ ስህተት መግረፋቸው ሳይሆን ሰዓቱ ነው፤ መግረፍ የነበረባቸው ልጁ ሲሳሳት ሳይሆን በትክክል ካነበበ በኋላ ነበር የሚል ነገር ጻፈ። ብዙ ሰው ሳቀበት። ሳስበው ግን ቀልዱ ሙከራውን ከብዙዎቹ መልሶች በላይ የተረዳ ነው።

መልስ 6 ላይ ድምፁ ተለወጠ። እናት ናት። ልጇ መምህሩ ጆሮውን ስለመታው አንድ ሳምንት ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎባት ያውቃል። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሰውየውን እርስዎ ሲል ነበር፤ እሷ አንተ አለች። አይጥ ጠርቶ ልጅ መምታትን ማጽደቅ ነውር እንደሆነ፣ ሳይንስ ማለት የሚወዱትን መርጦ ማንበብ እንዳልሆነ ነገረችው። ሽበት የማያስተምረው ሰው ብዙ እንደሆነም አከለችበት። ይቺ የመጨረሻዋ ባትኖር ይሻል ነበር።

ሰውየው በመልስ 7 መጡ። ቀዝቀዝ ብለው ነው የጻፉት። ልጅ ምቱ አላልኩም፣ የጠየቅሁት ስለ ትውስታ ነው የሚል ነው ነገሩ። እሷን ግን እህቴ፣ እርስዎ እያሉ ነው የመለሱላት። እዚህ ጋ ነጥብ ሰጠኋቸው።

መልስ 8 የኔ ተወዳጅ ነው። አሜሪካ፣ ስሙን ያልነገረን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የሙከራ እንስሳት ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ሀበሻ ነው። ዶክተር አይደለም፤ ጎጆ ያጥባል፣ ይመዝናል፣ ይይዛል። እንደሱ አባባል ሰዎች ሆርሞን ሲሉ መርፌ ነው የሚታያቸው፤ እውነቱ ግን ጎጆውን ስትከፍት ሆርሞኑ ተጀምሯል። የደም ናሙና ከፈለግህ ጎጆውን ከነካህበት ጀምሮ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው ያለህ፤ ከዚያ ካለፈ የምትለካው የአይጧን ኮርቲኮስቴሮን ሳይሆን አንተን መፍራቷን ነው። ኮርቲኮስቴሮን ማለት በኛ ሰውነት ውስጥ ኮርቲዞል የሚሠራውን ለአይጥ የሚሠራላት ነው። እሱም ቢሆን ሰዓት አለው፤ የኛ ጠዋት ይወጣል፣ የሷ ግን የሌሊት እንስሳ ስለሆነች ሲመሻሽ።

ከዚያ አያያዙን አወራ። ከትከሻዋ በላይ ቀስ ብሎ አቅፎ ያነሣታል። ልቧ መዳፉ ላይ ሲመታ ይሰማዋል። የለመደችው ጥርሷን በቀስታ ታፋጫለች፤ የደስታ ነው። የፈራችው መዳፉ ላይ ፍግ ትጥላለች። ጭንቀት የሰነበተባት ደግሞ ዓይኗ ዙሪያ ቀይ ነገር ይወጣባታል። አዲስ ሰው ደም መስሎት ይደነግጣል፤ ደም ግን አይደለም፣ ከዓይኗ ዕጢ የሚወጣ ቀለም ነው። ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ለቀናት እንዲሁ በየቀኑ ያነሣታል፣ እጁን እንድትለምድ ብቻ።

አንድ ቅሬታም አለችው። አንድ ጊዜ አይጦቹ ውኃ ገንዳ ውስጥ እየዋኙ የተደበቀ መቆሚያ መፈለግ ለሳምንት ተምረው፣ በፈተናው ቀን ከላይኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ የሚበሳ መሣሪያ ተነሣ። ጥገና ነው። አስቀድሞ የነገራቸው የለም። የተማሩት አይጦች ሁሉ የገንዳውን ግድግዳ ግድግዳ ይዞሩ ጀመር፤ መሐል ያለውን መቆሚያ የሚፈልግ ጠፋ። የሳምንት ሥራ ገደል ገባ። ኃላፊው የጠየቁት ምን ብታደርጉ ነው ብለው ነበር።

መልስ 9 ይህን አይቶ ነው ወሳኙን ነገር ያመጣው። አይጦቹ ትምህርቱ ጠፍቶባቸው ላይሆን ይችላል፤ ማውጣቱ ነው ያቃታቸው። ዶሚኒክ ደ ኬርቫን፣ ቤኖ ሮዘንዳል እና ከላይ የተጠቀሰው ማክጎ በ1998 ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡትን ተረከ። አይጦቹ ውኃ ገንዳ ውስጥ የተደበቀ መቆሚያ የት እንዳለ ተምረዋል። በማግስቱ፣ ከፈተናው 30 ደቂቃ በፊት፣ እግራቸውን ይነዘራሉ። ከዚያ ሲዋኙ የሚያውቁትን ቦታ አጡት። ንዝረቱ ከፈተናው 2 ደቂቃ ብቻ ወይም 4 ሰዓት በፊት ሲሆን ግን ምንም አልሆኑም። ለምን 30? ኮርቲኮስቴሮን ደም ውስጥ ጣራ የሚነካው ያኔ ስለሆነ ነው። ሆርሞኑ እንዳይመረት በመድኃኒት ሲከለክሉት መርሳቱም ቀረ። እንግዲህ በትምህርት ቀን ያተመልህ የጭንቀት ሆርሞን በፈተና ቀን ይደብቅብሃል። መልስ 9 ለከፋቹ ያቀረበው ጥያቄም አጭር ነበር፦ የኔታ አለንጋውን የያዙት ሲያስተምሩ ነው ወይስ ሲጠይቁ?

ሁላችንም መልሱን እናውቃለን። ሲጠይቁ ነው።

መልስ 10 አንዲት ልጅ ናት። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ አንድ ቀመር ጠፋባት። ላብ በላብ ሆነች። ወረቀቱን አስረክባ፣ ወጥታ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለ ቀመሩ ራሱ ከነምሳሌው መጣላት። ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቃት እንባዋ መጣ። መልስ 11 በሷ ጉዳይ ከአይጥ ወደ ሰው እንዳንዘል አስጠነቀቀ፤ ወዲያው ግን ራሱን አረመ፣ በ2000 እነ ደ ኬርቫን ለሰዎች ኮርቲዞን፣ ሰውነት ውስጥ ኮርቲዞል የሚሆነውን፣ ሰጥተው፣ ከቀን በፊት ያጠኗቸውን ቃላት ማስታወስ እንደከበዳቸው አሳይተዋልና። ዝላዩ ያን ያህል ሩቅ አልነበረም ማለት ነው።

ከ12 እስከ 14 ያሉት ስለ ቡና ናቸው። አንዱ ሳይጠጣ ማንበብ አይችልም፤ አንዷ ከጠጣች መተኛት አትችልም፤ ሦስተኛው የትኛው ቡና እንደሚሻል። ሆርሞን የለበትም፤ አለፍኩት።

መልስ 15 ከምግብ ጋር አያያዘውና መለሰን። በ1987 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ሥራ አለ፤ የነፍላድና የነሞርሊ። አይጦች ከተማሩ በኋላ ሲበሉ የተሻለ አስታወሱ። ምክንያቱ ምግብ ሲገባ አንጀት የሚለቀው ኮሌሲስቶካይኒን የሚባል ሆርሞን ነው፤ እሱም የሚሠራው በዚያው በቬገስ ነርቭ ነው፣ ነርቩ ሲቆረጥ ሥራው ይቆማል። መልስ 16 ይህን አንብቦ ከአለንጋ ይልቅ ከትምህርት በኋላ ዳቦ ማደል እንደሚሻል ሐሳብ አቀረበ። እናትየዋ፣ ያቺ የ6ኛዋ፣ የሳቅ ምልክት ሰጠችው። በክሩ ውስጥ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

መልስ 17 ላይ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። አንዲት ሴት ሁላችንንም ያዘችን። ከላይ እስከ ታች ሁሉም ሰው አይጧ፣ ተማረች፣ ፈራች እያለ ነው የሚጽፈው፤ አማርኛችን ትንሽ ነገር ሁሉ ሴት ያደርጋል። የተሠራባቸው አይጦች ግን አብዛኞቹ ወንድ ናቸው። ሴቷ የት ሄደች?

(ይህን ጽሑፍ ስጀምር እኔም አይጧ እያልኩ ነው የመጣሁት። ልመልሰው አሰብኩና ተውኩት፤ እንደነበረ ይቆይ።)

መልስ 18 የፋርማኮሎጂዋ ልጅ ናት፤ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። ልክ ነሽ እህቴ ብላ ገባች። ቢሪ እና ዙከር በ2011 ባወጡት ቆጠራ መሠረት በአንጎል ጥናት ውስጥ በሴት እንስሳ ብቻ የተሠራ 1 ሲገኝ፣ በወንድ ብቻ የተሠራው 5.5 ነው። ሰበቡ የሴቷ ሆርሞን ይለዋወጣል የሚል ነው። መለዋወጡ እውነት ነው። የአይጥ ዑደት አራት አምስት ቀን ነው። ካትሪን ዉሊ እና ብሩስ መክዊን በ1990 እንዳሳዩት ሂፖካምፐስ በሚባለው የትውስታ ክፍል፣ የነርቭ ሕዋሳቱ ቅርንጫፍ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጉጦች ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲጨምር ይበዛሉ፣ ሲቀንስ ይመናመናሉ። በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 30 በመቶ ይለያያል። ጉጥ ማለት አንዱ ሕዋስ ከሌላው ጋር የሚገናኝበት ነው። አዋቂ አንጎል እንዲህ በቀን ይቀያየራል ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው አልነበረም።

ቀጥላ ለክሩ የምትሆነዋን ጣለች። ዉድ እና ትሬሲ ሾርስ በ1998 ወንድና ሴት አይጦችን ካስጨነቁ በኋላ አስተማሩ፤ ትምህርቱ ድምፅ ሲሰማ ዓይን መጨፈን ነው። የተጨነቁት ወንዶች ካልተጨነቁት በተሻለ ተማሩ። የተጨነቁት ሴቶች ባሰባቸው። የሴቶቹ ኦቫሪ፣ የእንቁላል ዕጢያቸው፣ ሲወጣ ግን ጭንቀቱ ማባሱን ተወ። ጭንቀቱ ያው፣ ትምህርቱ ያው፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ። እንግዲህ ከፋቹ የትኛዋን አይጥ ነው ያነበቡት?

መልስ 19 ባይጻፍ ደስ ይለኝ ነበር። አንዱ ከዚህ ሁሉ የገባው ሴት በየወሩ ትረሳለች የሚል ብቻ ነው። መልስ 20፣ የ17ኛዋ ሴት፣ ልክ ልኩን ነገረችው። ጉጥ በዛ ማለት ብልህ ሆነ፣ አነሰ ማለት ደነቆረ ማለት እንዳልሆነ፣ በ2014 የወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር ሴት አይጦች ከወንዶቹ የበለጠ እንደማይለያዩ እንዳሳየ፣ አንድ ጎጆ ውስጥ ያሉ ወንዶች ሲነካከሱና አለቅነት ሲጣሉ የነሱም ሆርሞን እንደሚወጣና እንደሚወርድ ጻፈች። ከዚያ ሰውየው የመለሰው አወያዩ ስላጠፋው አላየሁትም። ቁጥር 21 ባዶ ነው፤ መልሱ ተሰርዟል ይላል። ቁጥር 22 አወያዩ ራሱ ነው፤ ሁላችሁም ረጋ በሉ።

የእንስሳት ቤቱ ሰው በመልስ 23 ነገሩን አበረደው። ሴትና ወንድ ከተባለ አይቀር፣ አይጥ ራሷ የሰውን ፆታ ትለያለች። በ2014 ካናዳ፣ ሞንትሪያል፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያገኙት ነው። ወንድ ተመራማሪ ክፍሉ ውስጥ ሲኖር የአይጦቹ የጭንቀት ሆርሞን ይጨምራል፤ ሴት ስትሆን አይጨምርም። ወንድ የለበሰው ቲሸርት አጠገባቸው ቢቀመጥ እንኳ ያው ነው። እሱ ይህን ካነበበ በኋላ ክፍሉ እንደገባ ወዲያው ሥራ አይጀምርም፤ ሽታውን እስኪለምዱት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የሥራ ባልደረባው ሴት ናት፤ እሷ ቀጥታ ትገባለች። ይቀናል።

መልስ 24 መድኃኒት ፈላጊ ነው። ትውስታ የሚጨምር ሆርሞን በኪኒን መልክ የት ይገኛል? ነርሱ በመልስ 25 ከለከለው፤ ምክንያቱንም በታሪክ ነገረው። ኔዘርላንድስ፣ ዩትሬክት፣ ዳቪድ ደ ቪድ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ አንጎል ሥር ያለችው የፒቱታሪ ዕጢ የኋላ ክፍል ሲወጣ አይጦች የተማሩትን ቶሎ እንደሚተዉ፣ ቫሶፕሬሲን ሲሰጣቸው ግን እንደሚይዙ አሳዩ። ቫሶፕሬሲን ሽንትን የሚቆጣጠር ሆርሞን ነው። በተፈጥሮ ይህ ሆርሞን የሌላቸው፣ ብራትልቦሮ የሚባሉ አይጦች አሉ፤ ውኃ አይጠግቡም፣ ጎጆአቸው ሁልጊዜ እርጥብ ነው። እነሱም ይረሳሉ ተባለ። ሌሎች ላቦች ሲደግሙት ግን ሁሌም እኩል አልወጣላቸውም፤ ሰው ላይም ሲሞከር የተጠበቀው አልተገኘም። ስለዚህ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ።

መልስ 26 ከዚሁ ተነሥቶ ኦክሲቶሲን የሚባለውን ሌላ ሆርሞን አመጣ። በ2000 አትላንታ፣ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ፣ እነ ላሪ ያንግ ኦክሲቶሲን የማያመርቱ አይጦች ነበሯቸው። ጤነኛ አይጥ አዲስ አይጥ ሲገባባት ታሸታለች፤ ያንኑ አይጥ ደግመህ ብታስገባ ማሽተቷ ይቀንሳል፣ አውቃዋለችና። እነዚህኞቹ ግን በገባ ቁጥር እንደ አዲስ ያሸታሉ። አፍንጫቸው ደህና ነው፣ ሌላ ነገር ይማራሉ፤ የጠፋባቸው የተዋወቁትን ማወቅ ብቻ ነው። አንጎላቸው ውስጥ ኦክሲቶሲን ሲገባ ተመለሰላቸው። መልስ 27 ሰፈሩ ውስጥ በቀን አሥር ጊዜ ቢያገኝህ አሥር ጊዜም ደህና ዋልክ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ልጆች ደህና ብሎ ከሥር የሚጀምር አንድ ሰው እንዳለ ነገረን። አሁን ምክንያቱ ገብቶታል።

መልስ 28 ቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ነው። ረጅም ጽፏል፤ ካነበብኳቸው ሁሉ የሚያምረው ይህ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ትውስታ የሚሠራው አለንጋ እንዳልሆነ ሊያስረዳን ፈለገ። ዜማ ነው። መደጋገም ነው። የቃል ትምህርት የሚሰጠው ማታ ነው፣ ያለ መብራት፣ መምህሩ ይላሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፣ እየተመላለሰ። ፍርሃት የሚያትመው ሌላ ነገር ነው። እሱ እንጀራ ለመለመን ሲዞር ያባረሩትን ውሾች አይረሳም። የትኛው ቤት፣ የትኛው ውሻ፣ አጥሩ የቱ ጋ ክፍት እንደነበር፣ አኩፋዳው ሲወድቅ ኩርማኑ እንዴት እንደተበተነ። አንዴ ብቻ የሆነ ነው። ቅኔውን ግን ሺህ ጊዜ ብሎ ነው የያዘው።

እግረ መንገዱን አብሾን አነሣ። ትምህርት እንዲገባ ተብሎ የሚጠጣ ነገር እንደነበር፣ የጠጡ ጓደኞቹ ለቀናት ሲቀባዥሩ እንዳየ። መልስ 29፣ የፋርማኮሎጂዋ ልጅ፣ ደንግጣ ነው የመጣችው። አብሾ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚነሣው አስተናግር ነው፤ መርዝ ነው፣ ይገድላል። ውስጡ ደግሞ ስኮፖላሚን አለ። ላብ ውስጥ ስኮፖላሚን ለአይጥ የሚሰጠው እንድታስታውስ አይደለም። እንድትረሳ ነው፤ የትውስታ መድኃኒት መሞከር የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ በሱ ያስረሳታል። ቆሎ ተማሪው ለዚህ የመለሰው ነገር የለም። ምናልባት ጓደኞቹን እያሰበ ይሆናል።

መልስ 30 እናትየዋ ናት፤ ተመልሳ። በዚህ ጊዜ አልተቆጣችም፤ አንብባ ነው የመጣችው። አይጦችን በቀን 6 ሰዓት ለ21 ቀን ጠባብ ነገር ውስጥ ሲያስቀምጧቸው የሂፖካምፐስ ሕዋሳት ቅርንጫፍ እንደሚያጥር፣ ሲተዋቸው እንደሚያገግም ጻፈች። የኒው ዮርኩ የመክዊን ላብ ሥራ ነው። አንድ ቀን መደንገጥና በየቀኑ መደንገጥ አንድ አይደሉም ማለቷ ነው። ሌላም አገኘች። ማይክል ሚኒና ባልደረቦቹ በ1988 እንዳወጡት ጨቅላ አይጦች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በቀን 15 ደቂቃ ከእናታቸው ተነሥተው ሲመለሱ፣ ሲያረጁ የጭንቀት ሆርሞናቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ገንዳው ውስጥም መንገድ አይጠፋቸውም። ልጆቹ ሲመለሱ እናት ደጋግማ ትልሳቸዋለች። ሰውየውን እዚህ ላይ ጋሼ አለቻቸው። አንተ የሚለው ቀረ።

መልስ 31 ጋሼ ናቸው። አጭር ነው። የተገረፉበትን ቀን ሲያስቡ የአለንጋው እጀታ ይታያቸዋል፤ ወይራ ነው፣ ጫፉ ላይ በክር ተጠምጥሟል። የየኔታ ጋቢ ጠርዝ፣ ዋርካው ሥር የነበረችው ድንጋይ፣ አጠገባቸው የሳቀው ልጅ ጥርስ፣ ሁሉም አለ። የተሳሳቷትን ፊደል ግን ሦስት ቀን ሙሉ አስበው አልመጣላቸውም። ሀ ትሁን ፐ አያውቋትም። ከዚያ በላይ አልጻፉም፤ ተሸነፍኩም አላሉ።

መልስ 32 የሞተ ክር ላይ የሚመጣው ዓይነት ነው። ገንዳው ውስጥ መቆሚያው እንዳይታይ ውኃው የሚነጣው በወተት ነው ሲባል ሰምቶ፣ በዓቢይ ጾም የሚዋኝ አይጥ ጾሙ ይፈርስበት እንደሆነ ጠየቀ።

መልስ 33 የእንስሳት ቤቱ ሰው ነው። ድሮ የወተት ዱቄት ነበር፤ ስለሚሸት አሁን እነሱ የማይጎዳ ነጭ ቀለም ነው የሚጨምሩት፤ ጾሙ ሰላም ነው። ሌላው ሥራው ስትወጣ ማድረቅ ነው። ለዚያ የሚሆነውን ፎጣ ከቤቱ ነው የሚያመጣው፣ ያረጀውን፣ ስለሚለሰልስ።